ኑግ ምን አጠፋ?

“ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ፣ አብረህ ተወቀጥ” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ያለ ሥራው ከጥፋተኛ ጎን ተገኝቶ ለሚቀጣ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሰርቆ እሱም አብሮ ለሚታሰር፣ ወንድሙ ሸፍቶ የእሱ ከብት ለሚነዳበት። በዚህች አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቶ ስለማያውቅ ተረቱም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከሰው ጋር ሻይ በመጠጣቱ ብቻ የተወቀጠው ሰሊጥ ስንት ነው! እናም ተረቱን የሰማ ሁሉ ለሰሊጥ ያዝናል። እኛም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ስናዝን የኖርነው ለሰሊጥ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። መንደራ ቆጪ ውስጥ አራት ሆነን ሁለት ክፍል ተከራይተናል። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢው መሐል ሙቀጫቸውን አቁመው ኑግ ይወቅጣሉ። የታመሰው ኑግ ሽታ ሁለቱንም ክፍል ሞልቶታል። ከመካከላችን ተረት የሚያበዛው ጓደኛችን ከበር ላይ ሆኖ ያንኑ ተረት ጣል አደረገ፤ ጨዋታ መጀመሩ ነበር። እማማ ዘነዘናውን ሳያስቀምጡ፣

“ኑግስ ምን አጠፋ?” አሉት።

ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

“እናንተ ታሪክ የምትማሩት አይደላችሁም እንዴ? ሰሊጡስ ይሁን፣ ሳያጠፋ ነው እንበል። ኑጉ ምን አድርጎ ነው መጀመሪያ ሙቀጫ የገባው?”

እውነታቸውን ነው። ተረቱ የሰሊጥን ንጽህና ሲያስረዳ የኑግን ወንጀል አስረድቶ አያውቅም። ለሰሊጥ ጠበቃ ቆመለት፤ የኑግ መወቀጥ ግን እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅበትም። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ማውጫ ገለጥን። ነጋሪት አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ንግድ አለ፤ ኑግ የለም። ቡና ግን እንደ ልብ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለእማማ የዘገየ መልስ ነው፤ አንባቢም አብሮ ቢያነበው አንጠላም።

ኑግ ከአደይ አበባ ጋር አንድ ዘር ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ይቆጥሯቸዋል፤ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ሱፍ አለ፣ የፈረንጅ ሱፍ አለ፣ ጋን የምናጥብበት ግራዋ አለ፣ እግር የሚወጋው ኮሸሽላ አለ፣ ሰላጣ ሳይቀር አለ። የዚህ ቤተሰብ ምልክቱ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። የኑግን ቢጫ አበባ ቀርቦ ላየው ሰው፣ ዙሪያውን የተሰደሩት ስምንት ያህል ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መሐሉ ላይ የተጨናነቁት ከአርባ እስከ ስድሳ የሚሆኑ ጥቃቅን ቱቦዎችም እንደዚያው። አብዛኛውን ፍሬ የሚሰጡት እነዚህ መሐለኞቹ ናቸው። ዳር ሆነው የሚያምሩትም ግን ያፈራሉ። (ይህን ያነበበው ጓደኛችን ስለ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቻችን የተናገረውን እዚህ አንደግመውም።)

አደይ በመስከረም ይፈነዳል፤ ዘፈኑም ካርዱም የእሱ ነው። ኑግ ደግሞ የአደይ ወረት ሊያልፍ ሲል፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ሜዳውን ያንኑ ቢጫ ያለብሰዋል። ከጅማ ተነስቶ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በጥቅምት በመስኮት ሲያይ “አደዩ እስካሁን አልረገፈም!” ይላል። የሚያየው ብዙውን ጊዜ የኑግን የዱር ዘመድ ነው። ያ ዘመድ በአማርኛ ሜጭ፣ በዚህ አካባቢ በኦሮምኛ ቱፎ ይባላል። ገበሬ ጤፉ ውስጥ ሲያገኘው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል፤ ንብ ግን ልዩነቱን አታውቅም፤ ከሁለቱም ትቀስማለች። የጥቅምትና የኅዳር ቢጫ ማር የእነዚህ አበቦች ሥራ ነው።

የኑግ ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ አረም ነው። በዓለም ላይ የኑግ ወገን ተብለው የሚታወቁት ስድስት ዓይነት ተክሎች ሲሆኑ ስድስቱም የአፍሪካ ናቸው፤ አምስቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን በ1974 እ.ኤ.አ. አጣርታ የጻፈችው ባጎይ የተባለች የዴንማርክ ተመራማሪ ናት። ኑግና ሜጭ የውስጥ አሠራራቸው ሲመረመር የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኝተዋል፤ ሁለቱም አሥራ አምስት ጥንድ ክሮሞሶም አላቸው፤ ይዳቀላሉም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሚሉት፣ አንድ ዘመን ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ሜጭን ከአረምነት አንስቶ፣ ፍሬው ዳጎስ ያለውንና ዘይቱ የበዛውን እየመረጠ፣ ኑግ አደረገው ነው። ዘመኑን በሺህ ዓመታት ነው የሚቆጥሩት። በአክሱም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደው ቁፋሮ ከተገኙት የእህል ቅሪቶች መካከል ኑግ ነበረበት። ሐውልቱን ያቆመው ሰው ምሽቱን በምን መብራት ያሳልፍ እንደነበር ሲታሰብ ነገሩ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐውልቱ የማን እንደሆነ በየመጽሐፉ ክርክር አለበት። ሜጭን ኑግ ያደረገችው ሴት (ሴት ናት ብለን ብናስብ ማን ይከለክለናል? ዘር የምትመርጥ፣ የምታስቀምጥ፣ የምትወቅጥ እሷ ናት) ስም የላትም። አንድ አረም አንስቶ የአንድን አገር ሕዝብ የሚያበላና የሚያበራ ዘይት ማድረግ ሐውልት ከማቆም ይቀላልን? መልሱን ለአንባቢ እንተዋለን።

የእኛ ሰው ስም ባይኖረውም ተክሉ ግን የሰው ስም ተሰጥቶታል፤ የማን እንደሆነ ስንሰማ ግን ሳቅንም ተናደድንም። መጀመሪያ ታናሹ ሊኔየስ በ1780ዎቹ መግቢያ እ.ኤ.አ. ኑግን “የሐበሻ ፖሊምኒያ” ብሎ መዘገበው። ፖሊምኒያ በግሪኮች ተረት የቅዱስ ዜማ አምላክ ናት፤ እስከዚህ ድረስ አያስከፋም፤ የጾም ዘይት ነውና ይስማማል እንኳ። በ1829 እ.ኤ.አ. ግን ካሲኒ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ሙያው ዳኝነት ሆኖ ፍቅሩ የአደይ ቤተሰብ ተክሎች የነበሩ ሰው፣ ኑግ ከፖሊምኒያ ወገን አለመሆኑን አይቶ ለብቻው አወጣውና “ጊዞቲያ” አለው። ጊዞ ማነው? ፍራንሷ ጊዞ ነው፤ የታሪክ ምሁሩ! እማማ “እናንተ የታሪክ ተማሪዎች” ብለው የተናገሩት ትንቢት ኖሯል ለካ።

ጊዞ በዚያ ጊዜ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበር። ንጉሣዊው መንግሥት ንግግሩ ስላልጣመው በ1822 ትምህርቱን አስቁሞበት፣ በ1828 ወደ መድረኩ ሲመለስ የፓሪስ ተማሪ እየተጋፋ ያዳምጠው ነበር። ካሲኒ ስሙን ለኑግ የሰጠው ጊዞ በዚህ ዝናው ላይ ሳለ ነው። ካሲኒ ራሱ በ1832 በኮሌራ ሞተ፤ የቀረውን አላየም። የቀረውማ እንዲህ ነው፦ ያ የተማሪ ጀግና ሚኒስትር ሆነ፤ ከ1840 ጀምሮ የውጭ ጉዳዩን ያዘ፤ ማርክስ በ1845 ከፓሪስ ሲባረር የመንግሥቱ ዋና ሰው እሱ ነበር። የመምረጥ መብት የተሰጠው ብዙ ግብር ለሚከፍል ባለሀብት ብቻ ነበርና፣ ድሀው መብቱን ሲጠይቅ “ሥሩና ክበሩ፣ ያኔ ትመርጣላችሁ” እንደማለት መለሰ ይባላል። በ1847 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በየካቲት 1848 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አወረደው። በዚያችው የካቲት የታተመው የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ገና ሲከፈት ከጠራቸው የአውሮፓ ገዢዎች አንዱ ይኸው ጊዞ ነው።

አይገርምም? አንድ ትውልድ የኢትዮጵያ ተማሪ ያንን ማኒፌስቶ በብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ሲያነብ የጊዞን ስም እንደ ጠላት አነበበው፤ ያነበበበት ሆዱ ግን በጊዞቲያ ዘይት የተሠራ ሽሮ በልቶ ነበር። የድሀ መሬት የድሀ እህል፣ ድሀን “መጀመሪያ ክበር” ባለው ሰው ስም ይጠራል። እኛ ካሲኒን አንወቅስም፤ የወደደውን መምህር አከበረ፤ እኛም ብንሆን የምናደርገው ነው። የሚቆጨን ሌላ ነገር ነው፤ ተክሉን ያገኘ ሕዝብ ስሙን ሲያጣ፣ ኑግን በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ሰው ባለ ስም መሆኑ።

ሜጭም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የእሱ ሳይንሳዊ ስም የቪልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል። ሺምፐር ግን ይሻላል፤ ቢያንስ ያውቀዋል። በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ኖረ፣ ደጃዝማች ውቤ እንጢቾን ሾሙት፣ ዕፀዋት እየለቀመና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ከኑግ ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሳ ሌላው የውጭ ሰው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችንን ዞሮ አየ፤ ከራስ ተፈሪ ጋር ተነጋገረ፤ ከተመለሰ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም ጥቂት የእህል መነሻ አገሮች አንዷ ብሎ ጻፈ፤ ጤፍንና ኑግንም በዝርዝሩ አስገባ። የዓለምን እህል ዘር የሰበሰበው ይህ ሰው በ1943 በስታሊን እስር ቤት፣ በሳራቶቭ፣ በረሃብ ሞተ። ሰሊጥ ማለት እሱ ነው።

ወደ ገበሬው እንመለስ። ኑግን የሚዘራ ሰው ለኑግ የሚሰጠው መሬት የትኛውን ነው? የደከመውን። ስንዴና ጤፍ እምቢ ያሉትን፣ ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት፣ ድንጋያማውን ዳገት። ኑግ ሥሩና ግንዱ ውስጥ አየር የሚያዝበት ክፍተት ስለሚያበጅ፣ ሌላው እህል ታፍኖ በሚሞትበት ረግረግ ላይ ይቆማል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እርሻውም አይከብድም፤ ዘሩም ትንሽ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ኑግ ከሦስት እስከ አምስት ግራም ብቻ ስለሚመዝን፣ አንድ ሄክታር በአምስትና በአሥር ኪሎ መሐል በሆነ ዘር ይሸፈናል። ላምና በሬም ለምለሙን ኑግ ስለማይወዱት አጥር አያሻውም፤ በግ ግን ይበላዋል፤ በግ መቼ መርጦ ያውቃል!

ብልሃቱ ያለው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። ኑግ ተነስቶ በተዘራው ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ አረም ይቀንሳል፤ እህሉም ያምራል። ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከምርምር ጣቢያ በፊት ነው። ስለዚህ ኑግን የሚዘራው ለኑጉ ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ጤፍ ሲል ጭምር ነው። ሒሳቡ ሲጻፍ ግን ለኑግ የሚጻፍለት የዚያ ዓመት ኩንታል ብቻ ነው፤ ለጤፉ የሠራው ሥራ በጤፉ ስም ይቆጠራል።

ዓይነቱም አንድ አይደለም። አባት ኑግ የሚባለው በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ እስከ ታኅሣሥ የሚቆይ፣ ረጅሙና ምርት የሚሰጠው ነው። ከእሱ ጋር ተዘርቶ በጥቅምት የሚደርስ፣ ዝናም ለሚያጥርበት አገር የሚሆን ሌላ አለ። መስኖ ኑግ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ይዘራና በቀረው እርጥበት አድጎ፣ ውርጩን ችሎ፣ በየካቲት ይታጨዳል። ይህን ሁሉ ለይቶ ያወጣ አንድም ባለ ዲግሪ የለም። በኋላ የሆለታ ምርምር ማዕከል ከእነዚሁ የገበሬ ዘሮች መርጦ ፎገራ፣ ኩዩ፣ ሻምቡ የተባሉ ዝርያዎችን አወጣ፤ ስማቸውን ልብ በሉ፤ የአገር ስም ነው። ከጊዞ ወደ ኩዩ መምጣት ራሱ አንድ እርምጃ ነው።

እንዲያም ሆኖ ምርቱ ከሄክታር ከሁለት እስከ አምስት ኩንታል ከፍ ሳይል ቆይቷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሉም በኑግ ላይ ይነሳል። አዎን፣ ጥፋት አለበት፤ አንደኛው ራስ ሲደርስ ሌላው ገና ያብባል፣ የደረሰው ደግሞ ቶሎ ካላጨዱት ይረግፋል። ትልቁ ምክንያት ግን የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም። ከጎረቤቱ ተክል ዱቄት ካልመጣለት፣ ያንንም ንብ ካላመጣችለት፣ አበባው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪው አንድ ጥሩ ተክል መርጦ “አንተን ብቻ አራባለሁ” ቢል አይሆንለትም፤ ኑግ ብቻውን አይሆንም፤ በየዓመቱ ከመንደሩ ሁሉ ጋር ይቀላቀላል። ለስንዴ የሠራው ዘዴ ለኑግ ያልሠራው ለዚህ ነው። ለስንዴ የፈሰሰው የምርምር ገንዘብ ሩቡ እንኳ ለኑግ ፈሶ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማንም አልሞከረውም። የደከመ መሬት ሰጥቶ፣ ማዳበሪያ ነፍጎ፣ ምርምር ነፍጎ “ምርቱ ዝቅተኛ ነው” ማለት ፍርድ አይደለም።

እማማ ዘይቱን ሲያወጡ ከጎናቸው ቁጭ ብለን አየን። ኑጉ መጀመሪያ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፤ ካረረ ዘይቱ ይመራል። ከዚያ ይወቀጣል፤ እስኪላቆጥና ዘነዘናው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ። ከዚያ የፈላ ውሃ እየጨመሩ ያሹታል፤ እሳት ላይ ይጥዱታል፤ እያማሰሉ ይጠብቁታል። ቆይቶ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ያንን በጭልፋ ቀስ እያሉ መግፈፍ ነው። ሙሉ ቀን ተሠርቶ የተገኘው ሁለት ጠርሙስ አልሞላም። ኑግ ከክብደቱ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ እጅ ዘይት አለው ይላል መጽሐፉ፤ ሙቀጫ ግን ያንን ሁሉ አያወጣም። የመኪና መጭመቂያ ይሻላል፤ ከመኪናው የሚወጣው ፋጉሎ ለወተት ላም የሚሆን መኖ ነው፤ ከተማ ውስጥ ላም ያለው ሰው ፋጉሎ ፍለጋ ስንት ቦታ እንደሚዞር ያውቃል።

የኑግ ትልቁ ሥራ ጾም ላይ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ካህኑ እስከ 250 ቀን ይጾማል፤ በእነዚህ ቀናት ቅቤ የለም። ይህ ማለት የዓመቱ ግማሽ ወጥ በዘይት ይሠራል ማለት ነው። የግእዝ መጻሕፍት ስለ ጾም ሥርዓት የጻፉትን ያህል ሥርዓቱን በተግባር ስለያዘው ዘይት አልጻፉም። ኑግ የክርስቲያን ብቻ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ እኛ ባለንበት በጅማ ዞን ነዋሪው በብዛት ሙስሊም ሆኖ ኑግ በየቤቱ አለ። ታምሶ ይወቀጥና ከገብስ ቆሎ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በእጅ እየተጨበጠ ጭብጦ ይሆናል፤ ለመንገደኛ ስንቅ ነው፣ ለቡና ቁርስ ነው። በውሃ ተበጥብጦ ልጥልጥ ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ዘይቱን ይጠጣል። መብራት ሳይመጣ በፊት ኩራዝም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የጅማን ታሪክ የጻፈ ሁሉ ለምን ቡናን ብቻ አየ? አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሲገዙ የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይጠራ ነበር። የተጻፈው ስለ ቡናው፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ ዝባዱ፣ በግፍ ስለሚሸጠው ሰው ነው። ስለ ገበያተኛዋ ኑግ የጻፈ የለም። እኛ የደረስንበት ምክንያት ይህ ነው፦ መዝገብ የሚጽፈው ቀራጭ ነው። ቡና ኬላ ያልፋል፤ ኬላ ያለፈ ይቀረጣል፤ የተቀረጠ ይጻፋል፤ የተጻፈ ታሪክ ይሆናል። ኑግ ግን ከማሳ ወደ ሙቀጫ፣ ከሙቀጫ ወደ ድስት ነው የሚሄደው፤ ኬላ ላይ ማን ያየዋል? ለታሪክ ጸሐፊ አለመታየቱ ሥራ ፈትነት አልነበረም፤ ሥራው ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የእማማም ሕይወት ታሪክ የለውም ማለት ነው። ይህን የጻፍነውም ለዚህ ነው።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ከሩቁ ይብሳል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኑግ ብቻውን ከአገሪቱ የቅባት እህል ምርት ግማሽ ያህሉን ይዞ ነበር። ያ ሰሊጥ፣ ያ የምናዝንለት፣ ከሙቀጫው አምልጦ መርከብ ተሳፈረ፤ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ሆነ። ኑግ እዚሁ ቀረ፤ እዚሁም ቀርቶ ድስቱን ተቀማ። ከ2003 ዓ.ም. የዋጋ ተመን ወዲህ መንግሥት እየደጎመ የሚያስመጣው የፓልም ዘይት በቀበሌና በሸማቾች ማኅበር በኩል ሲከፋፈል፣ ከተሜው ወደ ርካሹ ዞረ። ይህን ለድሀው ብሎ ያደረገውን አንነቅፍም፤ ድሀ ጠጅ ሲጠላ አላየንም። ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ዘይት ከባሕር ማዶ ባለ ነገር ይታመማል። በ2014 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲጀመርና የዓለም ዘይት ሲወደድ፣ አምስት ሊትር ዘይት አንድ ሺህ ብር ደረሰ። ያን ሰሞን መንደራ ቆጪ ውስጥ ጥግ የተጣለው ሙቀጫ ሁሉ ታጥቦ ወጣ። እማማ እንደነገሩን ከሆነ ዘነዘናውን ከጎረቤት ለመዋስ ወረፋ ነበረው።

ኑግስ የት ይሄድ ነበር በዚህ ሁሉ ጊዜ? ይህን ስንሰማ አላመንንም፤ አሁንም ግማሻችን አያምንም። አሜሪካ ይሄዳል፤ ለወፍ! የአሜሪካ ሰው በየጓሮው ሰቅሎ ቢጫ ትንንሽ ወፎችን ይቀልብበታል። ከእኛም ከሕንድም ይገዛል፤ ሕንድ ኑግን ራምቲል ብላ በጥንት ጊዜ ከዚህ ወስዳ ዘርታዋለች፤ የሚዘሩትም እዚያ ሳይቀር በደከመ ዳገት ላይ የሚኖሩ የድሀ ድሀዎች ናቸው። ዘሩ እዚያ አገር በቅሎ አረም ይዞ እንዳይገባ ወደብ ላይ በኃይለኛ ሙቀት ይታመሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወፍ መኖ ነጋዴዎቹ ማኅበር አዲስ ስም አውጥቶ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ሲነበብ ጥቁርን ከሚሰድብ ቃል ጋር ይምታታል ተብሎ ነው ይላሉ። ይኸው ኑግ ሦስተኛ የክርስትና ስም አገኘ፤ ከዜማ አምላክ ወደ ሚኒስትር፣ ከሚኒስትር ወደ ወፍ ነጋዴ። የወደብ ላይ መታመሱን ስንነግራቸው እማማ በጣም ሳቁ። “እዛም ያምሱታል?” አሉ።

ዘሩ ጠፍቶ አልቀረም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገበሬ ዘሩን ሳይቀር በሚበላበት ጊዜ ከየአገሩ የገበሬ ዘር እየለቀመ አስቀምጧል። ለዚህ ሥራ ዶክተር መላኩ በ1989 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ተሸልመዋል። ከተቀመጠው ውስጥ ኑግም አለ።

ይህን ሁሉ ጽፈን ስንጨርስ ለእማማ አነበብንላቸው። የነገሥታቱን ክፍል አላዳመጡም፤ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ጊዞ ላይ ስንደርስ ግን ቢላዋውን አስቀመጡ።

“ሰውየው ኑግ ያውቅ ነበር?”

“አያውቅም እማማ።”

“ቀምሶም አያውቅ?”

“አይመስለንም።”

“ታዲያ በስሙ ማን ጠየቀው?” አሉና ተነስተው ድስቱን ገለጡ። ዘይቱ ከላይ ተንሳፏል። ጭልፋውን ለተረተኛው ጓደኛችን አቀበሉት፤ “ቀስ ብለህ ግፈፍ፤ ውሃውን እንዳትነካው” አሉት።